ለአንድ ሊትር የሚሆነው የኦአርኤስ ፓኬት፦ ከድንገተኛ ክፍል የተጻፈ ሪቪው

ሰላም ወገኖች፣ ስለ ስልክ ስለ ሽቶ ስለ ምግብ ቤት ሪቪው የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፣ እኔ ድንገተኛ ክፍል የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ዛሬ ከልቤ ስለማምንበት አንድ ፕሮዳክት ልጻፍላችሁ፣ ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥና በትውከት የጠፋውን ውሃና ጨው የሚተካ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት። ብዙ ሰው ለምለም በሚለው ስም ያውቀዋል፣ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ደሞ ብዙ ጊዜ ኦአርኤስ ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ፓኬት ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር የተሰራ እስከሆነ ድረስ ውስጡ ያለው ነገር ያው ነው። ደረጃ ስጪ ካላችሁኝ ዱቄቱ 5 ከ5፣ ጣዕሙ 2 ከ5፣ ፓኬቱ ላይ ያለው ጽሁፍ ደሞ 2 ከ5፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ይሄን የምጽፈው ክረምት በገባ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ስላለ ነው። እናት ልጇን ታቅፋ ትገባለች፣ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው አድሯል፣ አይተነው ገና መጠጣት የሚችል ልጅ ነው፣ ኦአርኤስ በጥብጠን ስንሰጣት ፊቷ ይለወጣል፣ «ሲስተር እባክሽ ጉሉኮስ አድርጊለት፣ ይሄንንማ ቤትም አለኝ» ትላለች። ክንድ ላይ መርፌ ካልተሰካ፣ ከላይ ላስቲክ ካልተንጠለጠለ ልጁ የታከመ አይመስላትም። እሷን አልፈርድባትም፣ ሁላችንም ያደግነው እንደዛ እያየን ነው። ግን መጠጣት ለሚችል ልጅ ያ ፓኬት ራሱ ህክምናው ነው፣ ወደ ቤት መሸኛ ወይም ማባበያ አይደለም፣ እና እሱን ማስረዳት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ውስጡ ምን አለ። በአንድ ሊትር ሂሳብ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት፣ አንድ ላይ 20.5 ግራም ነው፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም። ቀላል ይመስላል ግን ልኬቱ ነው ሚስጥሩ። ተቅማጥ ሲኖር አንጀት ጨውና ውሃ መምጠጥ ያቅተዋል፣ ባዶ ውሃ ብትጠጡ ብዙው አልፎ ይወጣል፣ ግን አንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስና ሶዲየምን አንድ ላይ ብቻ የሚያስገባ በር አለ፣ ያ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳን ይሰራል። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ስለዚህ ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፣ ጉልበት እንዲሰጥም አይደለም፣ ጨውን ይዞ እንዲገባ ነው። ስኳር ሲበዛ ደሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ አንጀት ውስጥ የቀረው ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡ ይብሳል። የድሮው ቀመር ጨውም ስኳሩም ከፍ ያለ ነበር፣ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ነገር ጠቅላላ ልኬት (ኦስሞላሪቲ የሚባለው) 311 ነበር፣ ከ2002 ወዲህ ወደ 245 ዝቅ ተደርጎ ነው አሁን ያለው፣ ምክንያቱም በዝቅተኛው ልጆች ትንሽ ያስመልሳቸዋል፣ ተቅማጡም ይቀንሳል፣ በደም ስር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውም ልጆች ያንሳሉ።

ይሄ ነገር ከመጣበት ታሪክ አንዱን ልንገራችሁ። በ1971 በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ሚሊዮኖች ወደ ህንድ ተሰደዱ፣ ቦንጋኦን የሚባል ቦታ ያለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ገባ፣ በደም ስር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ህንዳዊ የህጻናት ሀኪም ጨውና ግሉኮስ በበርሜል እያስበጠበጠ ለበሽተኞቹ ዘመዶች ሰጥቶ ራሳቸው በኩባያ እንዲያጠጡ አደረገ፣ ያኔ ብዙ ሀኪም ይሄንን አደገኛ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ወደ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት እሱ በያዛቸው በሽተኞች ላይ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ከዛ በፊት ዳካ ላይ በተሰራው ጥናት መሰረቱ ተጥሎ ነበር፣ ግን ሰው በሞላበት ካምፕ ውስጥ እናትና አባት እጅ ላይ ሆኖ እንደሚሰራ ያሳየው ያ ነው። በ1978 ላንሴት የተባለው የህክምና መጽሄት የዘመኑ ትልቁ የህክምና ግኝት ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈለት። ሰውየው 2022 ላይ አረፈ። ነፍሱን ይማር፣ ስሙን የሚያውቀው ግን ስንት ሰው ነው።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ፣ እዚህ ላይ ረዘም ላደርገው ነው ምክንያቱም ምርቱ ሳይሆን አበጣበጡ ነው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው።

እኛ ሀገር ያለው ፓኬት በአብዛኛው ለአንድ ሊትር ውሃ ነው። አንድ ሊትር ማለት አንድ ሊትር ነው፣ አንድ ጣሳ አይደለም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ አይደለም፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ሙሉ ፓኬት መክተት ደሞ ከሁሉም ይብሳል። እንደዛ ስታደርጉ ጨውም ስኳሩም በእጥፍ ይወፍራል፣ ልጁ ይበልጥ ይጠማዋል፣ ተቅማጡ ይጨምራል፣ በተለይ ህጻን ላይ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ በላይ ወጥቶ ጭንቅላቱን ሊጎዳው ይችላል። በተቃራኒው ደሞ ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ በሁለት ሊትር የሚበጠብጥ አለ፣ እሱ ቀጥኖ ጨው አይተካም። በጣም ቀላሉ መንገድ የአንድ ሊትር ሃይላንድ መያዝ ነው፣ ከሌለ የግማሽ ሊትሩን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ንጹህ ጆግ ውስጥ መገልበጥ፣ ከዛ ፓኬቱን ሙሉውን መጨመር። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ብሎ ዱቄቱን በአይን መክፈል አይሰራም፣ ጨውና ግሉኮሱ እኩል አይከፈልም፣ የተከፈተው ደሞ እርጥበት ይስባል።

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ቢሆን ይመረጣል፣ ካልተቻለ ቤት ውስጥ ካለው ንጹህ የሚባለው። ከበጠበጣችሁት በኋላ ግን አታፍሉት። ወተት ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ ለስላሳ ውስጥ አትበጥብጡት፣ እንዲጣፍጠው ብላችሁ ስኳር አትጨምሩበት። ክዳን ባለው ነገር አስቀምጡት፣ 24 ሰአት ካለፈው የቀረውን ድፉትና አዲስ በጥብጡ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ይሄ ተራ ነገር ይመስላል ግን ተቅማጡን ያመጣው ነገር በእናንተ እጅ መልሶ ሊገባ ይችላል።

ጣዕሙ 2 ከ5 ያልኩት የእንባ ጣዕም ስለሆነ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። የሚገርመው ሰውነቱ የደረቀ ልጅ ይወደዋል፣ በጉጉት ነው የሚጠጣው፣ ፈሳሹ ሲመለስለት ነው ፊቱን የሚያዞረው። ፍላቨር ያለው አለ፣ ብርቱካን ምናምን፣ ቀመሩ ያው እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ቀዝቀዝ ሲል ደሞ ለመጠጣት ይቀላል።

አሰጣጡ ላይ ትልቁ ችግር ችኮላ ነው። የጠማው ልጅ ኩባያ ሲያይ ይጋታል፣ ጨጓራው ይሞላል፣ ያስመልሰዋል፣ እናት «አልያዘለትም» ብላ ታቆማለች። ትክክለኛው ትንሽ ትንሽ ነው። በሻይ ማንኪያ ወይም መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ 5 ሚሊ ሊትር በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ ብትሰጡት በሰአት 200 ሚሊ ይሆናል፣ በአራት ሰአት 800። ለ10 ኪሎ ልጅ መካከለኛ የፈሳሽ እጥረት ሲኖረው የሚያስፈልገው በኪሎ 75 ሚሊ ማለትም 750 ሚሊ በአራት ሰአት ውስጥ ስለሆነ በማንኪያ ብቻ ሞላችሁት ማለት ነው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ከበፊቱ በዝግታ ትቀጥላላችሁ፣ አታቆሙም። ካስመለሰው በላይ የገባው ይበልጣል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ፣ እናቱ ስራ ላይ ነች። ሲሪንጁን ሰጥቻቸው እንዴት እንደሚያደርጉ አሳየኋቸውና «እማማ፣ በዝግታ ነው፣ ሳይሰለቹ» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ እኔ ምን ስራ አለኝ፣ እስኪነጋም ቢሆን አጠጣዋለሁ» አሉኝ። ቁጭ ብለው በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ እያነጋገሩት፣ አንድም ጊዜ ሳይነሱ ሰጡት። ከሰአታት በኋላ ሸና፣ ቀጥሎ ዳቦ ጠየቀ። ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባው መርፌ) ሳይነካው ወደ ቤቱ ሄደ። ይሄ ምርት የሚፈልገው ባትሪ ያ ትዕግስት ነው፣ እኛ ሰራተኞቹ ለአንድ ልጅ አራት ሰአት ቁጭ ልንል አንችልም፣ ቤተሰብ ግን ይችላል።

ቤት ውስጥ ገና ሳይደርቅ ለመከላከል ደሞ ከሁለት አመት በታች ያለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ፣ ከሁለት አመት በላይ ከ100 እስከ 200 ሚሊ፣ አዋቂ የፈለገውን ያህል። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱን ይቀጥላል፣ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ። ምግብ አይከለከልም። «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ልጅ ሲራብ የሚውልበት ቤት አሁንም አለ፣ ይሄ ልጁን ያከሳዋል፣ የሚቀጥለውን በሽታ መቋቋም ያቅተዋል። ጥርስ ሊያወጣ ነው ብሎ መጠበቅም፣ ግግ ነው ብሎ ድዱን ማስነካትም ተው፣ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ዋናው ችግር ደሞ በዛ መሃል ጊዜው ይሄዳል።

አብሮት ዚንክ ያለው እሽግ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ለስድስት ወር እና ከዛ በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከስድስት ወር በታች 10 ሚሊ ግራም ማለትም ግማሽ ክኒን፣ ለ10 ቀን። ማንኪያ ላይ በትንሽ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ተቅማጡ በሶስተኛው ቀን ቢቆምም 10 ቀኑን ጨርሱ፣ አንጀቱ እንዲጠገንና በሚቀጥሉት ወራት ቶሎ እንዳይመለስበት ነው። ብዙ ቤት ግማሹ ክኒን መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነው የሚገኘው።

አሁን ከተፎካካሪዎቹ ጋር ላወዳድረው። ለስላሳ፣ ኮካም ይሁን ሚሪንዳ፣ ስኳሩ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ነው፣ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፣ ኦአርኤስ ደሞ 13.5 ግራም ነው፣ አስቡት ልዩነቱን። ጋዙን አስወጥቶ መስጠት ስኳሩን አያስወጣውም። አምቦ ውሃ ሚኒራል ቢኖረውም ግሉኮስ የለውም፣ ህጻን ሆድ ላይ ደሞ ጋዙ አይመችም። የስፖርት መጠጦች ለሩጫ ነው የተሰሩት፣ ሶዲየማቸው (የጨው መጠናቸው) በሊትር ወደ 20 ሚሊሞል አካባቢ ነው ኦአርኤስ 75 ሆኖ ሳለ፣ ስኳራቸው ደሞ አራት እጥፍ ይሆናል። አሜሪካ ያላችሁ ፔዲያላይት ታገኛላችሁ፣ እሱ ሶዲየሙ 45 ነው፣ ለቀላልና መካከለኛ ተቅማጥ ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን የኛው ፓኬት ስንት እጥፍ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደሞ ተጠንቀቁ፣ እዛ የሚሸጠው ዳዮራላይት አንዱ ፓኬት ለ200 ሚሊ ነው፣ ሀገር ቤት እንደለመዳችሁት በሊትር ከበጠበጣችሁት ባዶ ውሃ መጠጣት ማለት ነው። የተላከላችሁን ፓኬት ስንት ውሃ እንደሚል ሳታነቡ አትክፈቱ።

ፓኬት ከሌለስ? ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ። ልሙጥ ማለት በቢላ ጀርባ የተላጨ፣ ያልተቆለለ። ጨዉ ላይ መሳሳት አደገኛ ነው፣ ቀምሳችሁት ከእንባ በላይ ጨው ካለ ድፉት። ፖታሲየም ስለሌለው ከፓኬቱ ያንሳል ግን ሌሊት ላይ ፋርማሲ ተዘግቶ ከሆነ እስኪነጋ ያደርሳል። ቀጭን የሩዝ ውሃና ቀጭን አጥሚት ከትንሽ ጨው ጋርም ይረዳሉ፣ ወፍራሙ ግን ምግብ ነው።

ጉሉኮስን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው 5 በመቶ ዴክስትሮስ የሚባለው ስኳር ያለበት ውሃ ነው፣ ጨው የለበትም፣ በተቅማጥ ለደረቀ ሰው የሚያስፈልገውን አይተካም። ሁኔታው ከባድ ሲሆን እኛ የምንሰቅለው ሪንገር ላክቴት የሚባለውን ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፣ ከሌለ ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የጨው ውሃ። ከባድ ለሆነበት ልጅ በኪሎ 100 ሚሊ ይገባል፣ ከአንድ አመት በላይ ከሆነ የመጀመሪያው 30 በግማሽ ሰአት የቀረው 70 በሁለት ሰአት ተኩል፣ ከአንድ አመት በታች ከሆነ ደሞ 30ው በአንድ ሰአት 70ው በአምስት ሰአት። ይሄ ህይወት ያድናል፣ በቃ ያለሱ የሚሞት ልጅ አለ። ግን መጠጣት ለሚችለው ልጅ ሲሰጥ ህመሙ፣ የደም ስር ፍለጋው፣ ኢንፌክሽኑ፣ ከልክ በላይ ፈሳሽ መግባቱ ትርፍ የሌለው ኪሳራ ነው። መጠጣት ሲጀምር ደሞ ሪንገሩ እየሄደም ቢሆን ኦአርኤስ እናስጀምረዋለን።

እንዴት ነው የምትለዩት የሚለው ላይ ልምጣ። ልጁ ላይ አራት ነገር ነው የምናየው። ሁኔታው፣ አይኑ፣ አጠጣጡና ቆዳው። የሚነጫነጭ፣ አርፎ የማይተኛ፣ አይኑ ጎድጎድ ያለ፣ ውሃ ሲያይ የሚስገበገብ፣ ሆዱ ላይ ከእምብርት ጎን ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ ከነዚህ ሁለቱ ካሉበት ፈሳሽ አንሶታል፣ ጤና ተቋም ወስዳችሁ ኦአርኤሱን በክትትል ይጠጣል። የሚፈዝ ወይም የማይነቃ፣ መጠጣት ያቃተው፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ከሁለት ሰከንድ በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ከባድ ነው፣ ማንኪያ ይዛችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ሩጡ። መንገድ ላይ መዋጥ ከቻለ እያጠጣችሁ። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጨቅላ ከሆነ እርግብግቢቱን እዩ፣ ወደ ውስጥ መግባቱ ያሳስባል። ሲያለቅስ እንባ አለመኖሩ፣ ምላሱ መድረቁ፣ ዳይፐሩ ለስድስት ሰአት ደረቅ መሆኑ፣ እጅና እግሩ መቀዝቀዙም እንደዛው። ዝም ያለ ልጅ ተሻለው ማለት አይደለም፣ ሲያለቅስ ያደረው በድንገት ጭጭ ሲል እኔን የበለጠ ያስፈራኛል።

ትልልቅ ሰዎች ላይ ቆዳ መቆንጠጡ አይሰራም፣ ቆዳቸው በእድሜ ስለላላ ጤነኛም ሆነው ቀስ ብሎ ይመለሳል። የጥም ስሜታቸውም ይቀንሳል፣ «አልጠማኝም» ይሏችኋል። እነሱ ላይ ሽንታቸው መጥቆሩና ማነሱን፣ ምላሳቸውን፣ ሲነሱ ማዞሩን፣ ወሬያቸው መዘበራረቁን ተከታተሉ። የግፊት መድኃኒት በተለይ ሽንት የሚያበዛውን የሚወስዱ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊትና የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ሲያስቀምጣቸው ሀኪም መድኃኒቱንም የፈሳሹንም መጠን ማስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ቶሎ አማክሩ፣ ለነሱ ፖታሲየሙም ፈሳሹም ሊበዛ ይችላል።

ምርቱ የማይበቃበት ወይም የማይሆንበት ቦታም አለ፣ ሪቪው ከሆነ ይሄም መጻፍ አለበት። በጣም የከሳ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ መደበኛውን ኦአርኤስ እንደሌላው ልጅ አይወስድም፣ ኮሌራ ካልሆነ በቀር። የነሱ ሰውነት ውስጥ ጨው ተጠራቅሟል ፖታሲየም ደሞ አልቋል፣ ልባቸው ደካማ ነው፣ ስለዚህ ሬሶማል የሚባል ሶዲየሙ 45 ፖታሲየሙ 40 የሆነ ሌላ ፈሳሽ አለ፣ በኪሎ 5 ሚሊ በየግማሽ ሰአቱ እየተባለ በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። አይናቸው ከክሳት ብቻ ስለሚጎደጉድ ቆዳቸውም ስለሚላላ መድረቃቸውን መለየት ለኛም ከባድ ነው። እግሩ ያበጠ ወይም አጥንቱ የወጣ ልጅ ካላችሁ ቤት አትጀምሩ፣ ውሰዱት።

አተት ሲነሳ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሲመጣ ጊዜ የለም። አዋቂ ሰው በሰአት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል፣ ጠዋት ጤነኛ የነበረ ማታ ላይ ሊሞት ይችላል። ያም ሆኖ ከታማሚዎቹ እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት በጊዜ ከተጀመረላቸው በኦአርኤስ ብቻ ይድናሉ ይላል የአለም ጤና ድርጅት። እቤት በጥብጣችሁ መንገድ ላይ እያጠጣችሁ ወደ ህክምና ማዕከሉ ውሰዷቸው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው።

አንድ ደሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ምልክት ልንገራችሁ። ተቅማጥ ያለበት የደረቀ ልጅ ሽንቱ ያንሳል። ሰውነቱ ደርቆ ሽንቱ ግን የሚበዛ፣ ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ የከሳ፣ ውሃ የማይበቃው፣ የሚያስመልሰው፣ በጥልቀት የሚተነፍስ ልጅ ከሆነ ስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። ትንፋሹም የበሰለ ፍራፍሬ አይነት ሽታ ይኖረዋል። እዛ ላይ ኦአርኤስ መፍትሄ አይደለም፣ ኢንሱሊንና በጥንቃቄ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው የሚያስፈልገው፣ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ቤት የሚቆይ ወጣት አለና እባካችሁ የጣት ስኳር ምርመራ አስደርጉለት፣ ደቂቃ አይፈጅም።

አረብ ሀገር ላላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ሙቀቱን ሳልነካ አላልፍም። በሙቀት ላብ በላብ ሆኖ መድከም፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ መኮማተር ሲኖር ጥላ፣ እረፍትና ኦአርኤስ ጥሩ ነው፣ ባዶ ውሃ ብቻ ሊትር በሊትር መጠጣት ግን ደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊያወርደው ይችላል። ሰውየው ከተዘበራረቀ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከሳተ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከተቃጠለ ግን ሂት ስትሮክ ነው፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪና ከዛ በላይ ይሆናል፣ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ልብሱን አውልቃችሁ ውሃ እያፈሰሳችሁ በማራገቢያ አቀዝቅዙት፣ በረዶ ካለ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ፣ እየጠራችሁም እያቀዘቀዛችሁም። ሳውዲ አምቡላንስ 997፣ ኢምሬትስ 998 ነው። ኢምሬትስ ውስጥ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 12፡30 እስከ 3፡00 በነሱ ሰአት ጸሀይ ላይ ማሰራት ክልክል ነው፣ መብታችሁን እወቁት።

ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ሆድ ተነፍቶ ምንም የማያልፍበት፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ከፍተኛ ትኩሳትም በፓኬት አይያዙም፣ ሀኪም ማየት አለበት። በተቃራኒው ደም ለሌለው ውሃማ ተቅማጥ ሜትሮ ወይም ሲፕሮ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም፣ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒትም ለትንሽ ልጅ አትስጡ።

ፓኬቱ ላይ ያለው ጽሁፍ 2 ከ5 ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የማያቸው አንዳንድ ፓኬቶች ጽሁፋቸው በጣም ደቃቅ ነው፣ እንግሊዝኛው ይበዛል፣ «አንድ ሊትር» የሚለው ዋናው ነገር ከአድራሻው ጋር እኩል ፊደል ነው። ማንበብ ለማትችል እናት ደሞ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ስዕል ቢኖር ስንቱ ስህተት ይቀር ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ በትልቁ ቢጻፍ። አምራቾች ካያችሁት የምር እለምናችኋለሁ። እስከዛ ግን ፋርማሲ የምትሰሩ ልጆች ሰው ሲገዛችሁ ፓኬቱን ብቻ አታቀብሉ፣ ስንት ውሃ እንደሆነ በቃላችሁ ንገሩ፣ በእስክሪብቶ ፓኬቱ ላይ «1 ሊትር» ብላችሁ ክበቡበት፣ አስር ሰከንድ ነው።

ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል ግን ውድ አይደለም፣ ጤና ኬላ ላይ ከአምስት አመት በታች ለሆኑ ልጆች ካለ በነጻ ይሰጣል፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቁ። ትንሽ ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ያለበት ቤት ሁለት ሶስት ፓኬት ከአንድ እሽግ ዚንክ ጋር ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፣ ከምድጃና ከእንፋሎት የራቀ። ስትገዙ ቀኑን እዩ፣ ዱቄቱ ተጋግሮ ድንጋይ ከሆነ ወይም ቡናማ ከሆነ መልሱት። ፓኬቱ ጋ የአንድ ሊትር ሃይላንድ አጥባችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፣ ማታ ላይ ስትፈልጉ መለኪያ ፍለጋ እንዳትዞሩ።